የሙት ባሕር ጭቃ ሲቀቡ መድረቁን አይጠብቁ

አዳማ ውስጥ ትንሽ የውበት ሳሎን አለኝ። ሰሞኑን የሙት ባሕር ጭቃ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በዝተዋል። «ከውጭ ተልኮልኝ ነው፣ እንዴት ልቀባው?» ይሉኛል።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። የተሠራባቸው ነገሮች የሚጻፉት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው። ጭቃው የሚጻፍበት ስም «ሲልት» ወይም «ማሪስ ሊመስ» ከላይ ካለ ጭቃው በርከት ብሎ ገብቷል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ለስሙ ያህል ነው።

የሙት ባሕር ውኃ ከመቶ 34 ያህሉ ጨው ነው። የሌላው ባሕር 3.5 ገደማ ነው። ጭቃውም ጨዋማ ስለሆነ ቅንድብ የተቀነደባችሁ ቀን አትንኩት። ያቃጥላል። የፈረጠ ብጉር ላይም እንደዚያው። ክርናችሁ ውስጥ ትንሽ ሞክሩና እስከ ነገ ጠብቁ። ካላሳከካችሁ ዓይንና ከንፈር አካባቢን ትታችሁ ስስ አድርጋችሁ ተቀቡ።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። ታናሽ እህቴ ለሰርጓ ዋዜማ ጭቃውን ተቀብታ ቬንትሌተር ፊት ጋደም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ጭቃው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ስናጥበው ጉንጯ በርበሬ መስሏል። ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

ጭቃው እርጥብ ሳለ የፊትን ወዝ ይመጥጣል። ሲደርቅ ግን የቆዳውን እርጥበት ይወስዳል፣ ቆዳውንም ይወጥረዋል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ አፍታ አይሰጥም። ዕቃው ላይ 15 ደቂቃ ቢልም እኔ 7 ወይም 8 ደቂቃ ላይ አነሳዋለሁ። የአፍንጫው ዳር ነጣ ማለት ሲጀምር፣ ጉንጭ ላይ ያለው ግን ጣት ሲነካው ገና ሲያጣብቅ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ። ከደረቀባችሁ አትፈግፍጉት፤ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጣሉበትና እስኪላላ ጠብቁ።

ያለ ሳሙና ታጠቡ። ፊታችሁ ገና እርጥብ ሳለ ቅባታችሁን ተቀቡ። ወዛም ፊት በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። ደረቅ ፊት ያላችሁ ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ይሁን። ማድያት ግን በዚህ አይለቅም፤ ለእሱ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ሶደሬ ሄጄ ጭቃ ባመጣስ?» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ ይቅርባችሁ። የመዋቢያው ጭቃ ተጣርቶ የታሸገ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለው ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ስትከፍቱት ውኃ ከላይ ቢያቆር አልተበላሸም፣ እየዘቀጠ ነው። በደረቅ ማንኪያ አማስሉት። እርጥብ ጣት አታስገቡበት።