አሉሚኒየም ቸርኬ ሲያጥቡ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ተነስተው ባሕር ዳር እንደገቡ ጎንበስ ብለው የፊት ቸርኬዎቹን ይዩ። የተለጠፈው ጥቁር ብናኝ የመንገድ አቧራ አይደለም። ከፍሬን ዲስኩ (ከጎማው ጋር ከሚሽከረከረው ክብ ብረት) እና እሱን ጨምቆ ከሚይዘው የፍሬን ሸራ ተፍቆ የወጣ፣ ብረት የሚበዛበት ዱቄት ነው። ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ ከቆየም ቸርኬው ላይ ነክሶ ይቀራል። ስህተቱ የሚጀምረው እንደ ጭቃ ሲቆጥሩት ነው።

ትኩሱን ማጠብ። ብዙ ሰው ከጉዞ መልስ ቀጥታ ላቫጆ ይገባል። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዙ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ሳሙናውም ሳይታጠብ ደርቆ እድፍ ይሆናል። እጅዎን ወደ ቸርኬው ሲያስጠጉ ሙቀት ከተሰማዎት መጀመሪያ ቡናዎን ይጠጡ። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይም ያው ነውና መኪናውን ጥላ ስር ያቁሙ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ። ማርሽ ቀንሰው በሞተር ኃይል ከወረዱ ብናኙም ይቀንሳል፣ ፍሬኑም አይግልም።

በደረቅ ጨርቅ መወልወል። የብረት ዱቄት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አስቀድመው በውሃ ያራግፉት። የቸርኬውን ስፖንጅና ባልዲም ለቦዲው አይጠቀሙበት።

በሽቦ፣ በአሲድ ወይም በበረኪና ማጽዳት። ይህን ያወቅሁት በራሴ ኪሳራ ነው። አንዴ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጌ አበራሁት ብዬ ተደሰትኩ። ቸርኬውን የሚጠብቀውን ስስ ቀለም ገፍፌው ኖሯል፤ ክረምቱ ሲገባ ሻጋታ የመሰለ ነጭ ዝገት አወጣ። ለስላሳ ብሩሽና የመኪና ሻምፖ ይበቃል። የውስጡን ጎንም አይርሱ፣ ብናኙ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ጣና ዳር ማጠብ። ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ያናድደኛል። ብረቱም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም የሚገባው ሐይቁ ውስጥ ነው። ፎስፌት ያለበት ሳሙና ደግሞ እምቦጭን ይመግባል፤ በየዓመቱ በእጅ የምንነቅለውን አረም መልሰን እንቀልባለን ማለት ነው። ፍሳሹን በጉድጓድ የሚይዝ ላቫጆ ይፈልጉ።

አጥበው ሲጨርሱ ቀስ ብለው እየነዱ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ ያድርጉ፣ ዲስኩ ይደርቃል። ከሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አንዱ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ግን ነገሩ የእጥበት አይደለም። ፍሬኑ ይዞ አልለቅ እያለ ሊሆን ይችላልና መካኒክ ያሳዩት።