ፈረሱ ጓሮ እየገባ ካስቸገረ፦ የአጥር ችግርና መፍትሄ

በሩ ተዘግቷል ወይ፣ የተሰበረ እንጨት አለ ወይ፣ ፈረሱ ውሃ ጠጥቷል ወይ የሚለውን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልነሳ። ጎንደር ላይ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጠዳ ድረስ የፈረስ አጥር ስሠራና ስጠግን ብዙ ክረምት አልፎኛል። የባለጋሪውን ፈረስ ከሚስቱ ጎመን፣ የጡረተኛውን በቅሎ ከቲማቲሙ የሚለየውን አጥር ማለቴ ነው። የሚገጥመኝ ብልሽት ብዙ ዓይነት ይመስላል እንጂ አብዛኛው አንድ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

አጥሩ ወደ ጓሮው አዘንብሏል፣ የላይኛው አግዳሚ ተነቅሏል

ምልክቱ የትም ቤት ያው ነው። የላይኛው አግዳሚ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ሚስማሩ እስከ ግማሹ ወጥቶ ተጣሟል። ቋሚው ሥር በጓሮው በኩል አፈር ተቆልሏል፣ በፈረሱ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል። እንጨቱ ላይ የደረት ፀጉር ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ባለቤቱ “ይሄ ፈረስ ሰይጣን ነው” ይላል። ሰይጣን አይደለም፤ ጎመን አይቷል።

መንስኤው ሁለት ነው፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚመጡት። አንደኛው፣ አግዳሚው የተመታው በጓሮው በኩል ነው። አናጢው ጓሮው ውስጥ ቆሞ መምታት ይቀለዋል፤ ባለቤቱም ከቤት ሲታይ ያማረ እንዲሆን ይፈልጋል። ፈረሱ በደረቱ ሲደገፍ ግን እንጨቱን ከቋሚው ያላቅቀዋል። የያዘው ሚስማሩ ብቻ ነው፣ ሚስማር ደግሞ ሲጎተት ይወጣል። አግዳሚው በፈረሱ በኩል ቢመታ ኖሮ ያ ሁሉ ግፊት እንጨቱን ከቋሚው ጋር ያጣብቀው ነበር። ሸክሙን የሚችለው ያኔ ቋሚው ይሆናል።

ሁለተኛው፣ አትክልቱ አጥሩ ሥር ተተክሏል። ከጥር እስከ ግንቦት የፈረሱ መዋያ ውስጥ የቀረው አቧራና የደረቀ ሣር ነው፣ ማዶ ግን ጠዋት ማታ ውሃ የሚጠጣ ለምለም አለ። ፈረስ አንገቱን አሳልፎ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። እንዲህ አጠገቡ አስቀምጣችሁ አትብላ ማለት ግፍ ነው።

ማራኪ አንዲት እትዬ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ አስጠርተውኛል። መጀመሪያ በአሥር ቁጥር ሚስማር መታሁላቸው። በሁለተኛው ወፍራም አግዳሚ ቀየርኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሦስተኛው ቀን ቡና እየተፈላ ስለነበር ተቀመጥኩ፣ ስቀመጥ ነው ያየሁት። ፈረሱ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ሁልጊዜ የሚሰበረው ቦታ ላይ ደረቱን ጣለ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ በላይኛው ከንፈሩ የጎመኑን ቅጠል ሳብ አደረገ። ጎመኑ ከአጥሩ ሁለት ስንዝር አይርቅም። ረድፉን ሳየው ከመሐል ያሉት ስድስት እግር ጎመኖች ግንዳቸው ብቻ ቀርቷል፣ የቀሩት ሙሉ ናቸው።

“እትዬ፣ የሚነቀለው አጥሩ አይደለም፣ ጎመኑ ነው” አልኳቸው።

“ጎመኔንማ አልነካም፣ እሱን እሰርልኝ” አሉኝ።

በአቦሉ ተከራከርን፣ በቶናው ተከራከርን፣ በረካው ላይ እሺ አሉ። አንድ ሜትር ተኩል መንገድ ተተወ፤ እሳቸውም ውሃ የሚያጠጡበት መመላለሻ ሆነላቸው። አግዳሚዎቹን ሁሉ ነቅዬ በፈረሱ በኩል መታሁ። የድርቆሹን ግርግም ደግሞ ከአጥሩ ራቅ አድርጌ በመዋያው ማዶ ጥግ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ የጠሩኝ ለዶሮ ቤት ነው።

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው። አግዳሚው በፈረሱ በኩል ይሁን። ከአጥሩ እስከ መጀመሪያው ተክል አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ይተው፣ ቦታ ካለ ሁለት ሜትር። የአጥሩ ከፍታ ከ1.40 እስከ 1.50 ሜትር ይሁን፤ ከደረቱ በታች የሚቀር አጥር ፈረስን እንዲደገፍ ከመጋበዝ በቀር ጥቅም የለውም። ቋሚ ከቋሚ ከ2.5 ሜትር አይራራቅ። አግዳሚ ሦስት ወይም አራት። በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ወይ ሰኮና የማያስገባ ጠባብ፣ ወይ እግር ገብቶ በቀላሉ የሚወጣበት ከ30 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን። አደጋው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፦ ሰኮና አስገብቶ የማያስወጣ። ውርንጭላ ካለ የታችኛው ክፍል ቀዳዳው ጠባብ በሆነ የመረብ ሽቦ ይሸፈን። የአግዳሚዎቹ መጋጠሚያ ሁሉም አንድ ቋሚ ላይ አይዋል፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ። ሚስማሩን ጫፍ ላይ አትምቱ፣ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ቀጭን ቀዳዳ አብጁለት። ገበያ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ ስትመቱት የሚታጠፍ ሚስማር ደግሞ ለሥዕል መስቀያ ተውት።

ቋሚው ከመሬቱ ጋር እኩል ተቆረጠ

መሬት ውስጥ ያለው ደህና ነው፣ ከላይ ያለው ደህና ነው፣ አፈሩ አፍ ላይ ግን እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ብስባሴውም ምስጡም እዚያ ይጀምራል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አፈሩ ደረጃ ላይ ወጋ አድርጉት፤ ያለ ድካም ከገባ ቋሚው አልቆለታል።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነልጣጩ መትከል ነው ጥፋቱ። ልጣጩ ውሃ ይይዛል፣ ምስጥ ይደብቃል። ይላጥ፣ ጥላ ሥር ይድረቅ፣ የሚቀበረው ክፍል ከመሬት ስንዝር ከፍ እስኪል ድረስ በእሳት ይለብለብ። ወይራና የሐበሻ ጽድ ካገኛችሁ ከባሕር ዛፍ ጋር አታወዳድሩት፤ ከፈረሰ ቤት የሚወጣ የጽድ እንጨት እስከ ዛሬ አሳፍሮኝ አያውቅም። ጉድጓዱ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ታቹ ጠጠር ይግባበት፣ አፈሩ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ በድጅኖ ጀርባ ይደብደብ። ወደ አዘዞና ጠዳ ሜዳ መሬቱ ዋልካ (ጥቁር ጭቃ አፈር) ከሆነ 90 ድረስ ውረዱ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በሰኔ የተከላችሁት ቋሚ በየካቲት እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። እዚያ አፈሩን መልሳችሁ አትሙሉ፤ ድንጋይና ጠጠር ደብድባችሁ ሙሉ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትቀቡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ፈረስ እንጨት ይልሳል፣ ይግጣል። ዝናብ ደግሞ ያንኑ ዘይት አጥቦ ሰላጣችሁ ሥር ያወርደዋል።

አጥሩ ላይ ደም አለ

ይህን ሳይ ሥራዬን አቁሜ መጀመሪያ እቆጣለሁ። አጥር ሲላላ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ እሾሃማ ሽቦ ነው፦ ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ላምም ይመልሳል። ፈረስ ግን ላም አይደለም። ላም ሽቦ ሲነካት ወደ ኋላ ትላለች፤ ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል፣ ከተያዘ ደግሞ እስኪበጣጠስ ይታገላል። በዚያ ላይ አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ በጨለማ ለማንም አይታይም።

አዘዞ ላይ አንድ ባለጋሪ የላይኛውን አግዳሚ ቁጠባ ብሎ በሁለት መስመር እሾሃማ ሽቦ ተካው። ሌሊት ጅብ አጥር ጥግ ጮኸ፣ ፈረሱ በረገገ፣ የፊት እግሩ በሁለቱ መስመር መካከል ገባ። ጠዋት ስደርስ ሽቦውን በፒንሳ የቆረጥኩት ከቆዳው ሥር እየፈለግሁ ነው። ከጉልበቱ በታች ነጭ ጅማቱ ይታይ ነበር። ሽቦው ላይ የቀረው ቁራጭ ቆዳ ቡናማ ፀጉሩ እንዳለ ደርቆ ነበር። ፈረሱ ተረፈ፣ ጋሪ ግን ዳግም አልጎተተም። ሰውየው በሽቦው ያተረፈው የሁለት አግዳሚ ዋጋ ነበር።

ሽቦውን ንቀሉ። በግማሽ አይደለም፣ ሁሉንም፤ ሣር ውስጥ የወደቀችውን ቁራጭ ጭምር። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበትን ፈረስ ደግሞ የዚያኑ ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። የቴታነስ ተሕዋስ አፈርና ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፣ ፈረስ ደግሞ ከማንኛውም የቤት እንስሳ በላይ ይጠቃበታል። ትንሽ የሰኮና ውግ ብትሆንም መንጋጋ ቆልፉን ታመጣለች። ክትባቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቆርቆሮም ያው ነው። የታችኛው ጠርዝ እንደ ቢላ ነው፤ ፈረሱ መሬቱን ሲጭር ወይም ሲረግጥ ከሰኮናው በላይ ያለውን ይቆርጠዋል። ያላችሁ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በፈረሱ በኩል አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ የእንጨት አጥር ይቁም።

አጥሩ ደህና ነው፣ ፈረሱ ግን ታመመ

ይህ የአጥር ብልሽት አይመስልም፣ ነው ግን። ሕያው አጥራችሁን ተመልከቱ። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን ያጠፋል። ጉሎ ፍሬው ይገድላል። የወፍ ቆሎ ጉበት ይጎዳል። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ደግሞ ጥቂት ቅጠሉ ለአንድ ፈረስ ይበቃል፤ ደርቆ የወደቀውም ያው ነው። በነዚህ መዋያ ያጠረ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ነቅለህ አውጣ ነው የምለው።

ከጓሮው በኩልም ቢሆን የአቮካዶ ቅጠል፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በአንገት ርቀት ውስጥ አይኑሩ። ሽንኩርት የፈረስን ደም ያፈርሳል።

ደግ ጎረቤት ደግሞ አለ፦ ሣር አጭዶ፣ የጎመን ግንድ ሰብስቦ “አያ፣ ለፈረስህ” ብሎ በአጥሩ ላይ የሚወረውር። ተከምሮ የሞቀ ሣር ሆድ ውስጥ ይፈላል። ፈረስ አያስመልስም፤ የገባው ካልወረደ ቁርጠቱ ይገድለዋል። ለጎረቤታችሁ በትሕትና ንገሩት። ካልሰማ ያንን ወገን ከፍ አድርጋችሁ አጥሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

የድንጋይ ካብ ከተናደ፦ ቋሚ ተክላችሁ ከላይኛው ረድፍ በላይ አንድ አግዳሚ አሳልፉ፣ ፈረሱ ድንጋዩን እንዳይገፋ። ካብ ሥር ዛፍ አትትከሉ፤ የፋሲል ጥምቀተ ባሕርን ግንብ የዛፍ ሥር እንዴት እንዳቀፈው ለጥምቀት ስትሄዱ እዩ። (እዚያው አካባቢ የንጉሥ ፈረስ የነበረው የዞብል መቃብር የሚባለው አለ። ንጉሡ ለፈረሱ ያን ያህል ካሠራ፣ እናንተ አራት አግዳሚ አይክበዳችሁ።)

አግዳሚው ከተጋጠ፦ ፈረሱ ድርቆሽ አንሶታል ወይም ውሎው ሰልችቶታል።

የኤሌክትሪክ አጥር፦ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ከሌላችሁ አታስቡት። ከቤት መስመር ሽቦ ስቦ አጥር ላይ ማሰር ፈረሱንም ልጁንም መግደል ነው።

በሩ እየተከፈተ ካደረ፦ ሌባ ከመጠርጠራችሁ በፊት መንጠቆውን እዩ። ሎዛ ማርያም አካባቢ አንዲት ባዝራ መንጠቆውን በከንፈሯ አንስታ በሩን ገፍታ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጎረቤቱን ልጅ ሲከስስ ከርሟል። መቀርቀሪያው በጓሮው በኩል ይሁን፣ ከአፏ ርቆ ዝቅ ብሎ፣ ከላይ ደግሞ ሰንሰለት ይጨመርበት። ልጁንም ይቅርታ ጠይቁት።