በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ሸማቾች የቡድን ክስ፦ ካሳ የሚያስቀሩ ስህተቶች

በቡድን ክስ፣ ማለትም ጥቂት ሰዎች ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰባቸውን ገዢዎች ሁሉ ወክለው ኩባንያ በሚከሱበት ሥርዓት፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት ዝም ማለት ነው። «እኔ ማንንም አልከሰስኩም» ብሎ የፍርድ ቤቱን ማሳወቂያ ሳያነብ የሚሰርዝ ሰው ብዛቱ ያንገበግባል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ በሚጠየቅበት የቡድን ክስ፣ በቡድኑ መግለጫ ውስጥ የሚካተት ገዢ ሳይፈርምም አባል ነው። በቀነ ገደቡ ከቡድኑ ካልወጡ፣ ጉዳዩን የሚዘጋው የካሳ ስምምነት በፍርድ ቤት ሲጸድቅ በዚያ ጉዳይ ኩባንያውን የመክሰስ መብትዎ ያከትማል። የካሳ መጠየቂያ ቅጽ የሚያስፈልግ ከሆነና ካልሞሉ ደግሞ ገንዘቡም የለም። መብቱም ካሳውም በአንድ ዝምታ ይሄዳል! አፕል የቆዩ አይፎኖችን አዘግይቷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ጥፋቱን ባያምንም በ2020 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መጀመሪያ የተነገረው ለአንድ ስልክ 25 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2024 መጀመሪያ አመልካቾች እጅ የገባው ግን ወደ 92 ዶላር ነው። ቅጹን ያልሞላ አምስት ሳንቲም አላገኘም።

ስምምነቱን መቃወምና ከቡድኑ መውጣት አንድ አይደሉም። የሚቃወም ሰው አባል ሆኖ ይቆያል፣ ውሳኔውም ያስረዋል። የወጣ ሰው ካሳ አያገኝም፣ ለብቻው መክሰስ ግን ይችላል።

«ምርጥ»፣ «እጅግ ፈጣን» በሚል ቃል ላይ ክስ አይቆምም፤ ፍርድ ቤት የነጋዴ ሙገሳ አድርጎ ያልፈዋል። የሚለካ ነገር ይፈልጉ። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 970 የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው ተብሎ ተሸጠ፤ የመጨረሻው ግማሽ ጊጋባይት ግን ከቀሪው 3.5 በጣም ቀርፋፋ ነበር። በ2016 ስምምነት ለአንድ ካርድ 30 ዶላር ተመደበ። እንዲህ ያለ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ወይም መሸጫ ገጹ ላይ ሲያዩ ቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ያስቀሩ፤ ገጹ ነገ ሊለወጥ ይችላል።

ውሉን ሳያነቡ «እስማማለሁ» አይጫኑ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በስልክ ኩባንያው በኤቲ ኤንድ ቲ ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ፣ ብዙ ኩባንያዎች ሸማቹን በግልግል ዳኝነት አንቀጽ (ክርክሩ ከፍርድ ቤት ውጭ በገላጋይ ዳኛ ይታይ በሚል የውል አንቀጽ) ከቡድን ክስ ያግዳሉ። አንዳንዱ ውል ከዚህ አንቀጽ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለመውጣት ይፈቅዳል፤ ያን ቀን አያሳልፉ።

ደረሰኝ ጠፋ ብለው አይተዉት። ሲሪያል ቁጥር ወይም የባንክ መግለጫ የሚበቃበት ስምምነት አለ። ያልገዙትን ዕቃ ግን አይሙሉ፤ ቅጹ የሚፈረመው ውሸት ከሆነ በሐሰት ቃል እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው።

ካሳ ለመልቀቅ አስቀድመህ ክፈል የሚል አጭበርባሪ ነው።

አድራሻ ከቀየሩ ለክፍያው አስተዳዳሪ ወዲያው ያሳውቁ፤ ቼኩ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ካለፈ ባንክ ላይመነዝረው ይችላል።