ባክኤንድ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ዴቨሎፐር የእቁብ አፕ ሊሠራ ተነሥቶ ለባክኤንዱ፣ ማለትም ከአፑ ጀርባ ሆኖ ዳታ ለሚያስቀምጠውና ለሚያቀብለው ክፍል፣ «ፋየርቤዝ ይሻለኛል ወይስ ኤክስፕረስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በጥያቄ መለስኩለት፦ አፑ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ገጽ ላይ የስንት ሰው ስም ይዘረዘራል? ወር ሲሞላ ቢሉን የሚከፍለውስ ማን ነው? ሁለቱንም አላሰበባቸውም ነበር። አልፈረድኩበትም፤ ብዙዎቻችን መሣሪያ የምናወዳድረው በመጀመሪያው ቀን ምቾት ነው። ሎግኢኑን በ20 ደቂቃ ከሠራልን ሽማግሌ እንልካለን። ጉዱ የሚወጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች የሚበዙትን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

በሬን ከሞፈር ጋር ማወዳደር

የልጁ ጥያቄ ራሱ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ኤክስፕረስ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው በኖድ ጄኤስ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ ነው። የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኮዳችሁ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዳታቤዙም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ሰርቨሩም የእናንተው ራስ ምታት ነው። ፋየርቤዝ ደግሞ ዳታቤዝ፣ ሎግኢን፣ የፋይል ማከማቻና ኖቲፊኬሽን አንድ ላይ አድርጎ የሚያከራይ የጉግል አገልግሎት ነው። ፋየርቤዝ የሚወዳደረው ተመሳሳይ አገልግሎት ከሚያከራየው ከሱፓቤዝ ጋር ነው። የኤክስፕረስ እኩዮች ፋስትኤፒአይ፣ ላራቬል፣ ጃንጎ ናቸው።

እኩያ ከእኩያ ሲወዳደርም «ከነምኑ ነው የሚመጣው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ጃንጎ የአስተዳዳሪ ገጽ ይዞ ይመጣል። የእቁቡ ዳኛ የአባል ስም የሚያርምበት፣ ያልከፈለውን የሚለይበት ገጽ መቼም አይቀርም። በኤክስፕረስ እሱን ከባዶ ስትገነቡ ሁለት ሳምንት ይበላችኋል።

«በሰከንድ ስንት ጥያቄ ያስተናግዳል?»

የቤንችማርክ (የፍጥነት ማወዳደሪያ) ሰንጠረዥ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አጭር ጽሑፍ የሚመልስ ሰርቨርን ነው። የእናንተ አፕ ግን እንዲህ አይሠራም። 40 አባላት ያሉትን እቁብ ለማሳየት መጀመሪያ ዝርዝሩን ያመጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል ክፍያውን ለየብቻ ከጠየቀ 41 ጊዜ ወደ ዳታቤዝ ይመላለሳል። አንዱ ምልልስ 5 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ በድምሩ 205 ሚሊ ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ፍሬምወርኩ ከዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ቆጠበ አልቆጠበ ማን ያየዋል? ማወዳደር ካሻችሁ የአፓችሁን ከባድ ገጽ በሁለቱም መሣሪያ ጻፉትና ዳታቤዙን በ10,000 መዝገብ ሞልታችሁ ለኩት።

ነጻውን ጣሪያ አለማስላት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው በብዛት የሚታለልበት ቦታ ነው።

የፋየርቤዝ ዳታቤዝ የሆነው ፋየርስቶር የሚያስከፍለው በተነበበ፣ በተጻፈና በተሰረዘ ዶክመንት (መዝገብ) ብዛት ነው። በነጻው እርከን በቀን 50,000 ንባብ ይፈቀዳል። ሲያዩት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱን የእቁብ አባል አንድ ዶክመንት ካደረጋችሁት ባለ 40 ሰው እቁብ በተከፈተ ቁጥር 40 ንባብ ይቆጠራል። ስለዚህ ገጹ 1,250 ጊዜ ሲከፈት የቀኑ ራሽን አለቀ። 250 ተጠቃሚ እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ብቻ ቢከፍተው ማለት ነው። እጣ የሚወጣበት ቀን ደግሞ ሰው አምስት ጊዜ ከፍቶ አይተውም።

ሲያልቅ ምን ይሆናል? ካርድ ካላስገባችሁ ንባቡ ይከለከላል። ቆጠራው እንደገና የሚጀምረው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይውላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ራሽኑን የጨረሰ አፕ ዝግ ሆኖ ያድራል። ያን ሌሊት የዳኛው ስልክ ዝም የሚል አይመስለኝም።

ካርድ ካስገባችሁ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ አፑ አይቆምም፣ ቢሉም አይቆምም። «የበጀት ማስጠንቀቂያ» የሚባለውን ብዙ ሰው እንደ ቆጣሪ ፊውዝ ያስበዋል። እሱ ኢሜይል ከመላክ ያለፈ ነገር አያደርግም፤ አገልግሎቱን አያቋርጥም። ራሱን ደጋግሞ የሚጠራ የተሳሳተ ኮድ ዓርብ ማታ ከለቀቃችሁ ማስጠንቀቂያውን የምታነቡት ሰኞ ይሆናል።

መፍትሔው መሣሪያ መቀየር ላይሆን ይችላል። የ40ውን አባላት ስምና የክፍያ ሁኔታ በአንድ ዶክመንት ውስጥ ብታስቀምጡት 40 ንባብ ወደ 1 ይወርዳል። የአንድ ዶክመንት ጣሪያ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ቢወስድም 40 ስም ጣሪያው አጠገብ አይደርስም። ለዚህ ነው መሣሪያ ከማወዳደራችሁ በፊት የዳታችሁን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሣሉት የምለው። ያው መሣሪያ በአንዱ ቅርጽ ውድ፣ በሌላው ርካሽ ይሆናል።

ነጻ ነገር ሌላም ጠባይ አለው፤ ይተኛል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። የሱፓቤዝ ነጻ ፕሮጀክት ለአንድ ሳምንት ማንም ካልነካው እንዲቆም ይደረጋል። ስንቱ ተማሪ ፕሮጀክቱን የጫነበት ሄሮኩ የተባለው ሰርቨር አከራይ ደግሞ ነጻውን እርከን በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። ጎብኚ ሲጠፋ የሚተኛ ነጻ ሰርቨርማ ክፍያ ለሚቀበል አፕ ፈጽሞ አይሆንም። የክፍያው ድርጅት «ገንዘቡ ገብቷል» የሚል መልእክት ሲልክ ሰርቨሩ እስኪነቃ ላይጠብቀው ይችላል። ገንዘቡ ከሰውየው ስልክ ወጥቶ አፑ ላይ «አልከፈሉም» ሲል እኔ ራሴ ደርሶብኝ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ።

ቢሉ በዶላር እንደሆነ መርሳት

በወር 25 ዶላር የሚባል እርከን ለባሕር ማዶ ሰው የምሳ ዋጋ ነው። እዚህ ግን ሁለት ጥያቄ ያስከትላል። አንደኛው ምንዛሬው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ያው 25 ዶላር ከ1,400 ብር ተነሥቶ ከ2,500 በላይ ሆነ፤ ደንበኛው የሚከፍላችሁ ግን በብር ነው፣ ውሉም የተፈረመው ቀድሞ ነው።

ሁለተኛው ካርዱ የማን ነው የሚለው ነው። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል አሜሪካ ያለ የአክስቴን ልጅ ካርድ ስጠቀም ነበር። እሱ ባንክ ቀይሮ ካርዱን ሲዘጋ ለእኔ መንገር ረሳ፤ ምን ይፈረድበታል። ሰርቨሩ እስኪታገድ ድረስ የማስታወሻ ኢሜይሎቹ የሚሄዱት ወደ እሱ ነበር። አሁን ሁለት መሣሪያ ሳወዳድር ከዋጋው በፊት የማየው እዚህ አገር ባለ ካርድ መክፈል መቻሉን፣ አካውንቱ በእኔ ስም መሆኑንና ክፍያ ቢዘገይ የስንት ቀን ዕድሜ እንደሚሰጥ ነው። በብር የሚከራይ የአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ ኤክስፕረስ ወይም ላራቬል መጫን አንዳንዴ ከሁሉም ይሻላል፤ ዘመናዊ አይመስልም እንጂ።

ሰርቨሩ የት እንዳለ አለመጠየቅ

አዲስ አካውንት ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ተመርጦ የሚጠብቃችሁ አሜሪካ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቨርጂኒያ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ደርሶ መልስ ከ115 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም፤ የትኛውም ፍሬምወርክ ይህን አያሻሽልም። አዲስ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ) ግንኙነት ደግሞ መልሱ እስኪመጣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደርሶ መልስ ይፈልጋል።

አማዞን በ2020 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ላይ የሰርቨር ማዕከል ከፍተዋል። «አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ይቀርበናል» ብሎ መዝለል ግን ሌላ ስህተት ነው። ኬፕታውንም ፍራንክፈርትም ከአዲስ አበባ ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የኢንተርኔቱ ገመድ ደግሞ እንደ አውሮፕላን በቀጥታ አይበርም፤ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው ወደ ባሕር የሚወርደው። ከስልካችሁ፣ በሞባይል ዳታ፣ ማታ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ለኩት። ተጠቃሚዎቻችሁ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያሉ ሐበሾች ከሆኑ ስሌቱ ሌላ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የፋየርስቶር ቦታ አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም።

ክላውድ ነው ብሎ በሩን መክፈት

አጭር ነው። ፋየርስቶርን «በሙከራ» መልክ ስትከፍቱት ለ30 ቀን ማንም እንዲያነብና እንዲጽፍ ይፈቀዳል። ቀኑ ሲደርስ ደንብ መጻፍ ሲገባው ቀኑን ወደፊት ገፍቶ የሚተኛ አለ። ሱፓቤዝም ላይ በኤስኪውኤል (በዳታቤዝ ትእዛዝ ቋንቋ) በፈጠራችሁት ሰንጠረዥ ላይ ማን የትኛውን ረድፍ እንደሚያይ የሚወስነው የረድፍ ጥበቃ መብራቱን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ አፑ ወደ ዳታቤዙ እንዲገባ ውስጡ የምታስቀምጡትን ይፋዊ ቁልፍ የፈለገ ሰው ፈልቅቆ ያወጣዋል። የጥበቃ ደንብ መጻፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከሰርቨር ጀርባ የሚቀመጥ ዳታቤዝ ይሻላችኋል።

መውጫውን ሳይሞክሩ መግባት

ፓርስ የሚባል፣ ልክ እንደ ፋየርቤዝ ያለ አገልግሎት ነበር። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ዘጋው። ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ የአንድ ዓመት ጊዜ መስጠቱ ደግ ያሰኘዋል፤ ሁሉም እንዲህ አይሰናበትም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ዳታውን አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ጫኑት። ሱፓቤዝ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ በፖስትግሬስ ላይ ያለ ነገር በአንድ ትእዛዝ ወጥቶ ሌላ ፖስትግሬስ ላይ ይጫናል። የፋየርስቶርን ዶክመንቶች ግን ወደ ሰንጠረዥ የሚቀይር ኮድ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። የሚረሳው የይለፍ ቃሉ ነው፤ ዳታው ወጥቶ የይለፍ ቃሎቹ ካልወጡ ተጠቃሚው ሁሉ እንደ አዲስ ይመዝገብ ሊባል ነው። ፋየርቤዝ የተመሰጠረውን የይለፍ ቃል ያስወጣል፣ ነገር ግን በራሱ በተሻሻለ መንገድ የተመሰጠረ ስለሆነ የምትሄዱበት ቦታ መረዳት አለበት።

በእንግሊዝኛ ስም ብቻ መሞከር

ሁሉም የመማሪያ ቪዲዮ የሚሞክረው «ጆን ስሚዝ»ን ነው። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባት ስም ነው ያለው። ተዘጋጅቶ የሚመጣው የምዝገባ ፎርም በዚህ ይደናበራል። የባሰው ግን ፍለጋው ነው። ዳኛው «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል፤ ሰውየው የተመዘገበው «ኃይሉ» ብሎ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለዳታቤዙ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ጸሐይና ፀሐይ፣ ዓለምና አለም፣ ሠናይትና ሰናይት እንዲሁ።

የተለመደው የፋየርስቶር ፍለጋ ስሙ በምን እንደሚጀምር ብቻ ነው ማየት የሚችለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ ፊደል ከተለየች አለቀ። ፖስትግሬስም ይህን በራሱ አያውቅም፣ ግን ማስተማር ይቻላል። ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ትጨምራላችሁ፤ ትራንስሌት በተባለው ፈንክሽን ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየለወጠ ዳታቤዙ ራሱ ይሞላዋል። የሚፈልገው ሰው የጻፈውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። የሰውየውን ስም ግን አትንኩት፤ እንደጻፈው ይታይ። የፊደላቱን ዝርዝር ስትሠሩ ሰባቱንም ድምፅ አስገቡ፣ ሀ እና ሃንም አንድ አድርጉ፤ ግዕዙን ብቻ ካስገባችሁ ኃ ራብዕ ስለሆነ ኃይሉ አሁንም አይገኝም።