ስትሮክ ያገኘው ሰው ሆዱ ሲደርቅ፦ አባቴን ሳስታምም የተማርኩት

አባባ ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አምስት ቀን ሰገራ ሳይወጡ ቆይተው በስድስተኛው ቀን ዳይፐራቸው ላይ ውሃ የመሰለ ነገር አየሁ። ተቅማጥ ያዛቸው ብዬ ማቆሚያ ኪኒን ገዛሁ። ቤት እየመጣች የምታያቸው ነርስ ግን "ቆይ፣ እንዳትሰጪያቸው" አለችኝ። ጓንት አድርጋ ስትመረምራቸው እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሰገራ መውጫውን ዘግቶታል፤ ፈሳሹ በጎኑ እየሾለከ ነው የሚወጣው። ከብዙ ቀን ድርቀት በኋላ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ካያችሁ ማቆሚያ አትስጡ፤ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

ተኝቶ የሚውል ሰው አንጀቱ ይዘገያል። እንደ ትራማዶል፣ አሚትሪፕቲሊንና አይረን ያሉ መድኃኒቶችም ያደርቃሉ፤ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። የአባባ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ብርጭቆ ባቀረብኩ ቁጥር "ይበቃኛል ልጄ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ለካ ሴት ልጃቸው እንዳታጥባቸው ብለው ነው ውሃ የተዉት። ሳውቅ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማጠቡን ታናሽ ወንድሜ ያዘው፤ እሳቸውም መጠጣት ጀመሩ። በሽተኛችሁ አልጠማኝም ካለ ማንን እንደሚያፍር ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። በሁዳዴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ብለው ነበር፤ የንስሐ አባታቸው መጥተው "ለታመመ ሰው አልታዘዘም" እስኪሏቸው ድረስ።

ሐኪሙ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል እንዲጠጡ ፈቀደልን። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት። ሲጠጣ ትን የሚለው ከሆነ ደግሞ አዋዋጡ እስኪመረመር ድረስ በግድ አታጠጡት። ከምግብ የገብስ ቂንጬ፣ ጎመንና ፓፓያ ጠቅመውናል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሰዓቱ ነው። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ይነቃል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላሉ፣ ሁለት ተኩል ላይ እናስቀምጣቸዋለን፤ መጣም አልመጣም በየቀኑ። አናጢ ክንድ ያለውን ወንበራችንን መሐሉን ቀድዶ ከሥሩ ባልዲ እንዲገባ አደረገልን። በሰነፈው ጎናቸው ትራስ እንደግፋለን። እግራቸውን በርጩማ ላይ እናስቀምጣለን፤ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ብሎ ትንሽ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀላቸዋል። አንሶላ እንጋርድና ወንድሜ ከመጋረጃው ማዶ ይቆማል፤ ሚዛኑን የማይጠብቅ ሰው ብቻውን አይተውም። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እንዲያምጡ አንፈቅድም፤ ማማጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ላክቱሎስ የሚባል ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒትም ታዞላቸው ነበር። እስኪሠራ አንድ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ "አልሠራም" ብላችሁ በዚያው ቀን አትደርቡ።

ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር የወጡበትን ቀን በእስክሪብቶ አከብባለሁ። ሦስት ቀን ክብ ከሌለ ለነርሷ እደውላለሁ። ሆድ ከተነፋ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ አየር እንኳ አልወጣ ካለ ወይም ደም ከታየ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱ።