የፊት ሾክ አብዞርበር ቤት ውስጥ ለመቀየር

ሾኩ ዘይት ማንጠባጠብ ከጀመረ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ፣ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ሚዛኑን ያጣል። ከተቻለ ከነሞላው የተገጣጠመውን ግዙ፣ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፣ እባካችሁ አናቱ መሃል ላይ ያለችውን ዳዶ እንዳትነኳት!!

የጎማውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጓቸው፣ ከዛ በክሪክ አንስታችሁ ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ) ላይ አሳርፉት፣ በክሪክ ብቻ መስራት በፍጹም አይሆንም። ጎማውን አውጥታችሁ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ገመዱን ሾኩ ላይ ከታሰሩበት አላቁ፣ የስታቢላይዘር (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት) ዘንጓም እዛው ከታሰረች እሷንም። የታችኞቹ ቡሎኖች (በብዙ መኪና ሁለት ናቸው) ዝገው ስለሚያስቸግሩ ከሰዓታት በፊት የዝገት ማላቀቂያ ርጩባቸው፣ እኔ ማታ ረጭቼ ነው የማሳድረው... ሲወጡ ፍሬኑን የያዘው ብረት ወደ ውጪ ስለሚወድቅ በገመድ እሰሩት አለዚያ ቱቦው ይወጠራል። ኮፈን ስር ያሉትን የላይኞቹን ዳዶዎች (መሃለኛዋን ሳይሆን ዙሪያዋ ያሉትን) መጨረሻ ላይ ፍቱ፣ ሌላ ሰው ሾኩን ከታች ይያዝላችሁ።

አዲሱን ከላይ ጀምራችሁ በእጅ ብቻ አስይዙት፣ ቀጥሎ የታችኞቹን፣ ሁሉም ከገባ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) ማኑዋሉ በሚለው ልክ አጥብቁ። ከዛ በቀጥታ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አስደርጉ፣ ካልሆነ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል።