ግማሹ ቢሮ፣ ግማሹ ቤት፦ ሠራተኞቹ ከከተማው ዳር ለሚመላለሱ መሥሪያ ቤት

ቢሮው ቦሌ ወይም ካዛንቺስ ሆኖ ሠራተኛው ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከለገጣፎ የሚመጣ ከሆነ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከቤት ማሠራት በታክሲ ሰልፍ የሚባክነውን ሰዓት ያተርፋል። አሠራሩን የሚያበላሸው ግን የኔትወርክ ችግር ብቻ አይደለም። ቢሮ ያሉት ቡና ላይ ተነጋግረው ይወስናሉ፤ ቤት ያለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ይሰማል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ደንብ ያውጡ፦ ያልተጻፈ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።

ለውሳኔዎቹ መዝገብ በጎግል ሺት አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይክፈቱ። ቀን፣ የተወሰነው ነገር፣ የሚፈጽመው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን፤ ከዚህ በላይ ዓምድ ከበዛ ማንም አይሞላውም። ቡና ላይ የተነሳውን ሐሳብ እዚያ ከነበሩት አንዱ በዕለቱ ያስገባል፤ ቤት ያሉት እስከ ማግስቱ 6 ሰዓት አስተያየት ይሰጡበታል። የቴሌግራም ግሩፕ ለፈጣን መልእክት ነው፤ ውሳኔ እዚያ ከተተወ በሰላምታና በፎቶ ተውጦ ይጠፋል።

የቢሮ ቀን ምርጫ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ብቻ አይተው። አብረው የሚሠሩት በአንድ ቀን ካልተገናኙ፣ ሰው ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ መጥቶ ብቻውን ላፕቶፕ ፊት ይውላል። ማክሰኞን የሁሉም ቀን ያድርጉ። ሁለተኛውን ቀን በሰርቪስ መስመር መደልደል ይቻላል፦ የአያትና የለገጣፎ በአንድ ቀን፣ የቃሊቲና የቱሉ ዲምቱ በሌላ ቀን። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ስብሰባ አይያዝ።

የስብሰባ ሰዓት ራሱ ያሳስታል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለማለት ካላንደሩ ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ምርጫው ላይ ከቆየ ስብሰባውን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋል። ካላንደሩ ላይ 9:00 ጠዋት ብለው ይሙሉ፤ በርዕሱ ላይ ደግሞ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብለው ይጻፉ።

በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ላፕቶፕ ማይክና ድምፅ ማጉያ ከፍተው ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ከገቡ የአንዱ ድምፅ በሌላው እየገባ ይጮኻል። ወይ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ድምፅ ይኑረው፣ ወይ ሁሉም ኢርፎን ያድርግ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ብዙ ይረዳል። ተናጋሪው ከማይኩ በጣም ከራቀ ቤት ላለው አይሰማም፤ ወንበሮቹን ያቅርቡ። በየአጀንዳው መጀመሪያ የሚናገሩት ከቤት የገቡት ይሁኑ። መጨረሻ ላይ «እናንተስ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እስማማለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ያኔ የሚያውቀውን ሳይናገር ስብሰባው ይበተናል።

አሁን ወደ መብራት። ለራውተሩ ትንሽ ዲሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዙ፤ መጀመሪያ ግን ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን ያንብቡ። 12 ቮልት የሚወስድ አለ፣ 9 ቮልት የሚወስድም አለ፤ ቮልቱን ማሳሳት ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የፋይበር መስመር ከሆነ የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ ለየብቻ የተሰኩ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ከሆኑ ሁለቱም ኃይል ይፈልጋሉ፣ አንዱ ከጠፋ ኢንተርኔት የለም። በዩፒኤስ ፈንታ ፓወር ባንክ ከተጠቀሙ፣ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የተባለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቮልቱን በሚያሸጋግረው ኬብል የሚባክነው ሲቀነስ 10 ዋት የሚወስድ ራውተርን 5 ሰዓት ያህል ያቆያል። ከፓወር ባንኩ 5 ቮልት ወደ ራውተሩ ቮልት የሚያሸጋግረው ኬብል የግድ ነው፤ ደካማ ፓወር ባንክ ላይ ከተሰካ ራውተሩ እየጠፋ ይበራል።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር ኔትወርኩ ይጨናነቃል። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይኑር፤ ካሜራም ይጠፋ። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፣ ድምፅ ብቻ ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። መብራት የጠፋበት ሠራተኛ በ15 ደቂቃ ውስጥ አጭር ጽሑፍ ይላክ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሥራም አስቀድሞ ይመደብለት።

የዳታውንና የፓወር ባንኩን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይስማሙ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ቤት ነው ተብሎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ማዘዝ አይገባም። የአፈጻጸም ምዘናም ከዚያው ሰንጠረዥ ይውጣ፦ ማን ምን ተረከበ፣ መቼ ጨረሰ። አለቃው በየቀኑ ያየውን ሰው አብልጦ የማስታወስ ዝንባሌ አለውና፣ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት የሁሉንም መስመር አንድ በአንድ ያንብብ።